ለዋሻ የተሠራ መስኮት

መስኮት መግጠም ቀላል ነገር ይመስላችኋል አይደል? እኔም ይመስለኝ ነበር። ግድግዳ አለ፤ ግድግዳው ይቀደዳል፤ መስኮቱ ይገባል፤ ነፋስ ይመጣል፤ ሚስት ትስቃለች። በስልኬ ላይ ያየሁት ሰውዬ እንደዚያ ነው ያደረገው። ጓንቱን አጥልቆ፣ ከኋላው ጥድና ጭጋግ በሚታይበት አገር ቆሞ፣ አሮጌ ካራቫኑን በአሥራ ሁለት ደቂቃ ቀደደና መስኮት ገጠመለት። ላብ እንኳ አላላበውም። እኔ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ምን እንዳደረግሁ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ካራቫን የሚባል ነገር ምን ነክቶኝ እንደገዛሁ ልናገር።

እኔ ጅቡቲ ወደብ ላይ ትራንዚተር ነኝ። ትራንዚተር ማለት የሌላ ሰው ዕቃ በሌላ ሰው መርከብ መጥቶ በሌላ ሰው መኪና እስኪሄድ ድረስ ወረቀት ይዞ የሚሮጥ ፍጡር ነው። እጄ ከማኅተም የከበደ መሣሪያ አያውቅም። የምንኖረው ጋቦዴ ነው። ጋቦዴ ሰፊ የመኖሪያ ሠፈር ቢሆንም ሰው ስሙን የሚያውቀው በእስር ቤቱ ነው። "የት ነህ?" ሲሉኝ "ጋቦዴ" ካልኩ "አይዞህ፣ ስንት ቀረህ?" የማይለኝ የለም። አሥራ አንድ ዓመት ይኼንኑ ቀልድ ሰምቼ አሥራ አንድ ዓመት ስቄያለሁ፤ ምን ይደረግ፣ ከሰው ጋር መኖር ነው።

ቀልዱ የማያስቀኝ በሐምሌና በነሐሴ ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ያሉ ወንድሞቼ ደውለው "ዘንድሮ ክረምቱ ከበደ፣ ብርዱ ጨረሰን" ይሉኛል። እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ አቆየዋለሁ፤ ብርድ የሚለው ቃል ራሱ ትንሽ ያቀዘቅዛል። እዚህ ካምሲን የሚሉት ነፋስ ከበረሃው ተነስቶ በየበሩ ሲገባ ሰውን የገዛ ምላሱ ያቃጥለዋል። ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ለመታጠብ ሳይሆን ለሻይ ነው የሚሆነው። ስለዚህ የከተማው ልማድ የታወቀ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሴቱና ልጁ ነፋሻ አገር ፍለጋ ይሄዳል፤ ባል ከሥራውና ከክሊሙ ጋር ይቀራል። ክሊም የምንለው ማቀዝቀዣውን ነው። የእኔው ክሊም ከማቀዝቀዙ ይልቅ ማልቀሱ ይበዛል።

ባለቤቴ ፈቲያ የድሬዳዋ ልጅ ናት። በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ አባቷ ሐጂ ሲራጅ ከድሬዳዋ ይመጣሉ። አንድ ሁለት ቀን ያርፉና ልጃቸውን፣ እንዲሁም ሁለቱን ልጆቼን ራህማንና ነጅማን፣ ይዘውብኝ ይሄዳሉ። ሦስት ወር! ሦስት ወር ማለት ዘጠና ቀን ቱና በዳቦ መብላት ማለት ነው። አምና ነሐሴ ላይ ከቬንትሌተሩ ጋር ተጣልቼ ሁለት ቀን ሳንነጋገር ቆይተናል። ጥፋተኛው እሱ ነበር፤ እኔ ስናገር ፊቱን ያዞራል። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይናፍቁኛል። ማታ በሩን ስከፍት የልጆቹ ጫማ በሩ ሥር ካልጠለፈኝ ቤት የገባሁ አይመስለኝም።

እንግዲህ ዘንድሮ አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ ፈረንሳዊ መምህር ካራቫን እንደሚሸጥ ስሰማ ልቤ ዘለለ። ነጭ ነው፤ ማዕዘኑ ሁሉ ክብ ክብ ያለ፣ በሁለት ጎማ የቆመ እንቁላል ይመስላል። አሰብኩ። ሐሙስ ማታ ወደ ኮር አምባዶ ባሕር ዳር እናስጎትተዋለን፤ ልጆቹ ይዋኛሉ፤ ፈቲያ በባሕር ነፋስ ትተኛለች፤ ማንም ድሬዳዋ አይሄድም። ገዛሁት። ጓደኛዬ በፒክአፑ ጎትቶ ግቢያችን ውስጥ አቆመልኝ። ግቢው ልክ አንድ ካራቫንና አንድ ቀጭን ሰው ይይዛል፤ እኔ ወደ ቤቴ የምገባው በጎኔ ሆነ።

ፈቲያ ገባች። ገብታ የወጣችበት ጊዜ ቢስሚላህ ለማለት አይበቃም።

"ይኼ ካራቫን አይደለም" አለች፣ ፊቷን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች። "ሶኬቱ የተነቀለ ፍሪጅ ነው።"

"መስኮት አለው እኮ።"

"ከኋላ ያለው? እሱ የሻይ ትሪ አያሳልፍም። በጎኑ መስኮት የለው። ነፋስ በየት ይግባ?"

"እገጥምለታለኋ!"

"አንተ?" አለች።

ሚስት "አንተ?" ስትል ብዙ ዓይነት "አንተ?" አለ። ይኼኛው አንድ ጊዜ የቤታችንን አምፖል ልቀይር ብዬ የሠፈሩን መብራት ያጠፋሁበትን ቀን ጨምሮ የሚያስታውስ "አንተ?" ነበር።

"እኔ" አልኳት።

"ይሁን። እስከ ሐሙስ ማታ መስኮት ካለው ልጆቹን ይዤ እቀራለሁ። ከሌለው ትኬታችን የዓርብ ጠዋት ነው።"

ቀኑ እሑድ ነበር። በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ካርቲየ አምስት የተባለው ሠፈር ሄድኩና የመኪና ዕቃ ከሚያራግፍ ነጋዴ ዘንድ ለካራቫን ተብሎ የተሠራ መስኮት ገዛሁ። ፍሬሙ ፕላስቲክ ነው፤ ከላይ ታጥፎ ወደ ውጭ ይከፈታል። ሰውዬው "ፈረንሳይ! ፈረንሳይ!" እያለ መስታወቱን በጣቱ ቋ ቋ አደረገው። እኔም እንደሚያውቅ ሰው ቋ ቋ አደረግሁት። ቆርቆሮ መቁረጫ ግራይንደር ተከራየሁ። ቤቴ ገባሁና መስኮቱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርኩ። ቪዲዮውን ግማሹን ብቻ ነው ያየሁት፤ ኢንተርኔቱ ሌላውን ግማሽ ለአላህ ትቶት ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት ወሳኙ ነገር ያለው በዚያኛው ግማሽ ነው።

አሁን ወደ አሥራ ሁለቱ ደቂቃ ደረስን። የካራቫን ግድግዳ ከውጭ ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል እንጂ ሳንዱች ነው። ከውጭ ስስ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ስስ ኮምፔርሳቶ፣ መሐሉ ነጭ ፎም። ግራይንደሩ ቆርቆሮውን አልፎ ፎሙን ሲነካው ፎሙ ወደ ፍሬ ፍሬ ተበተነ። ነፋሱም ጊዜውን ጠብቆ መጣ። ነጩ ፍሬ ተነስቶ በአጥሩ ላይ፣ በጣሪያው ላይ፣ በመንገዱ ላይ ይዘንብ ጀመር። የሠፈር ልጆች እየጮሁ ወጡ። አንዱ አፉን ከፍቶ ሊቀምሰው ሲሮጥ እናቱ በጆሮው ጎትታ መለሰችው። ጅቡቲ ላይ በረዶ የጣለ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ጎረቤታችን ኢዶ ሆዳን ከአጥሩ ማዶ ብቅ አሉ። ኢዶ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው። ልጅነታቸውን ድሬዳዋ ስላሳለፉ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል፤ ስድባቸው ደግሞ በጣም ይሻላል። ያን ጠዋት የስምንት ሰው ልብስ አጥበው አስጥተው ነበር።

"ወላሂ" አሉኝ፣ ከሽርጥ ላይ ነጭ ፍሬ እየለቀሙ፣ "ስድሳ ዓመት ሙሉ በረዶ አይቼ አላውቅም። አንተ እርጥብ ልብሴ ላይ አመጣህልኝ።"

"ኢዶ፣ ይቅርታ፣ አራግፈዋለሁ።"

"ይኼ ይራገፋል? ከልብስ ጋር ተጋብቷል እኮ!"

በኀፍረት ፊቴን ወደ ሥራዬ መለስኩ። የቆረጥኩት ቁራጭ ወደቀ። ልክ እንዳሰመርኩት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ተከፈተ። መስኮቱን አነሳሁና ቢስሚላህ ብዬ ገፋሁት። መስኮቱ ገባ። እየገባ ሄደ። ጨርሶ አለፈና ካራቫኑ ውስጥ ወለሉ ላይ ዘጭ አለ።

ለካስ መስኮቱ ዙሪያውን ከንፈር አለው። ቀዳዳው የሚቀደደው በሆዱ ልክ ነው እንጂ በከንፈሩ ልክ አይደለም፤ ከንፈሩ ግድግዳው ላይ ተኝቶ ነው የሚይዘው። እኔ የከንፈሩን ዙሪያ አሰመርኩና መስኮቱ የሚንጠለጠልበትን ሁሉ ቆርጬ ጣልኩት። በቀዳዳው አንገቴን አስገብቼ ወለሉ ላይ የተጋደመውን መስኮት ሳየው ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

"በር ነው?"

ዞር ስል ሐጂ ሲራጅ የማንጎ ካርቶን በክንዳቸው አቅፈው ቆመዋል። ከቀናቸው ሁለት ቀን ቀድመው መጥተዋል።

"መስኮት ነው፣ ሐጂ።"

"ለማን? ለግመል?"

ሐጂ ሲራጅን በደንብ ላስተዋውቃችሁ። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ትከሻቸው ግን ሰፊ። አሮጌው ባቡር እስኪቆም ድረስ ሠላሳ አምስት ዓመት ድሬዳዋ ባቡር ጥገና ውስጥ የፉርጎ አናጢ ነበሩ። ባቡሩ ቆመ እንጂ እሳቸው አልቆሙም። አንገታቸው ላይ ዛሬም ፊሽካ አለ። ወገባቸው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ጥቁር የቆዳ ቀበቶ አለ፤ ከሱሪያቸው ሁለት እጥፍ ይረዝማል፣ ትርፉን ጠምጥመውት ነው የሚዞሩት። እንደ ድሬ ልጅነታቸው "እርስዎ" መባልን አይወዱም። እኔ ግን የመርካቶ ልጅ ስለሆንኩ የአማት "አንተ" ከጉሮሮዬ አይወጣም።

"አቦ፣ እርስዎ እርስዎ እያልክ አታስረጀኝ" አሉና ማንጎውን አስቀምጠው መስኮቱን ከወለሉ ላይ አነሱት። አገላበጡት። ከፈቱት። ዘጉት።

"ይኼ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው" አሉ።

"አዎን።"

"ዋሻ ውስጥ ስትገባስ?"

"የምን ዋሻ?"

"ፉርጎ ላይ መስኮት ወደ ውጭ አይከፈትም። ዋሻ ውስጥ ሲገባ የዋሻው ግድግዳ ገንጥሎ ያስቀረዋል። ከወዲያ ሌላ ባቡር ቢመጣም ያው ነው። የፉርጎ መስኮት ወደ ታች ነው የሚከፈት፤ ግድግዳው ውስጥ ይሰምጣል።"

"ሐጂ፣ ይኼ ካራቫን ነው። ዋሻ አያልፍም።"

ሐጂ በኀዘን አዩኝ። "አታውቅም" አሉ።

ከዚያ በኋላ ሥራው የእኔ መሆኑ አበቃ። ፕላስቲኩን "የሳሙና ማስቀመጫ" ብለው ሰጡኝ። ቀዳዳው ሰፍቶ መበላሸቱን ግን ወደዱት፤ "የፉርጎ ልክ ነው፣ ሳታውቅ አውቀሃል" አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቴ ደግሞ አናደደኝ።

የሐጂ አሠራር እንዲህ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ፊሽካ። ኢዶ ሆዳን ከማዶ በሦስት ቋንቋ ይራገማሉ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ፊሽካ፣ ሥራ ይቆማል፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ "እንጨት ይዋሻል"፣ በሙቀት ያብጣል ወይም ይሰበሰባል፣ ልኩን አያምኑትም። ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት እንቅልፍ። እኔ በእነዚያ ሰዓታት ብቻዬን ልሞክር ብል መዶሻውን ደብቀውታል። ሌላ ሠራተኛ እንዳልፈልግ ደግሞ ጫት ከደረሰ በኋላ በዚህ ከተማ ምስማር የሚመታ እንደሌለ ታውቃላችሁ።

ማክሰኞ ሙሉውን እንጨት ስንፈልግ ዋልን። ሐጂ እንጨት የሚመርጡት በአፍንጫቸው ነው። ካርቲየ ሰባት ውስጥ ሦስት ሱቅ ገብተው አሸተቱና ወጡ። አራተኛው ላይ ከዕቃ ማሸጊያ ሣጥን የወለቀ ሳንቃ አሽትተው "ይኼ ሰው ነው" አሉ። እኔ በበኩሌ ዓሣ ዓሣ ነበር የሸተተኝ።

ረቡዕ ሌላ ጉድ መጣ። የፉርጎ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ መስኮቱ የሚሰምጥበት ኪስ አለው። የካራቫኑ ግድግዳ ግን ሦስት ጣት ነው። ታዲያ መስኮቱ የት ይስመጥ? ሐጂ ከውስጥ በኩል፣ ከቀዳዳው ሥር፣ ሌላ ግድግዳ ሠሩ። ወፍራም፣ የሚያምር፣ የተላገ ሣጥን። ሣጥኑ አልጋው ላይ ወጣ። አልጋው አጠረ። እኔ ተኝቼ ስሞክረው ጉልበቴ አገጬን ነካኝ። ሐጂ ተኝተው ሲሞክሩት ልክ ሆነ፤ እንዲያውም እጃቸውን ከራስጌው አድርገው ትንሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ሐጂ፣ እኔ እንዴት ልተኛበት ነው?"

"አንተ ለምን ትተኛለህ? ባለቤቱ ዘብ ነው" አሉና ተነሱ።

ሐሙስ ጠዋት መስታወቱ ተቆርጦ መጣ፤ ፍሬሙ ግን ገና ነበር። ሐጂ አንዲት ዘንግ ይዘው መላግ ጀመሩ። ይልጋሉ፤ በዓይናቸው ያያሉ፤ በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ፤ እንደገና ይልጋሉ። ፀሐይዋ ወጣች። ዘንጓ ያችው ናት። ቤት ውስጥ ፈቲያ ሻንጣዎቹን ከአልጋ ሥር አውጥታ ስትከፍት ይሰማኛል፤ የሻንጣ ዚፕ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የሚቀረው ሰው ብቻ ነው። አራት ሰዓት ሆነ። ሐጂ መላጊያውን አስቀምጠው እጃቸውን ወደ ፊሽካው ላኩ።

"ሐጂ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው!" አልኩ።

"ሐሙስም ቢሆን ሙቀት ሙቀት ነው።"

ያን ጊዜ አፌ አመለጠኝ። "ሆን ብለው ነው የሚያዘገዩት! ነገ ይዘዋቸው እንዲሄዱ ነው። እኔ ሦስት ወር ከቬንትሌተር ጋር እየተጣላሁ ስከርም ለእርስዎ ምንዎ ነው?"

ይኼን ለአማት የሚናገር ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ እናንተም ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ አልጽፈውም። ሐጂ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ፊሽካውን ከአንገታቸው አውጥተው ኪሳቸው ከተቱት። መላጊያውን እንደገና አነሱ።

ያን ቀን ሐጂ ሲራጅ በካምሲን ነፋስ፣ በቀትር ፀሐይ ሠሩ። እኔ ውሃ አቀርባለሁ። እሳቸው "ያዝ" እና "ልቀቅ" ብቻ ይላሉ። ኢዶ ሆዳን ከአጥሩ ማዶ ብቅ ብለው አይተው፣ ሳይሳደቡ፣ ጀርባው የነጣ አንድ ትልቅ ጃንጥላ አቀበሉኝ። ለሐጂ ያዝኩላቸው። ክንዴ ሲዝል በሌላው እይዛለሁ፤ "ይቅር ይበሉኝ" ልል አፌን በከፈትኩ ቁጥር ግን የምለው "ውሃ ልጨምርልዎ?" ነው።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሐጂ ቀና አሉ። "ቀበቶህን አምጣ" አሉኝ።

"ምን?"

"የፉርጎ መስኮት የሚወርደውና የሚወጣው በቆዳ ነው። ቆዳውን ትስባለህ፣ ቀዳዳውን በዚህች የእንጨት ጉጥ ላይ ታንጠለጥላለህ። ቆዳ ከሌለ ወርዶ ይቀራል።"

ቀበቶዬ ፈቲያ ለዒድ የገዛችልኝ ነው። አንድ ብቻ ነው ያለኝ። "የእርስዎስ?" አልኩ፣ ረጅሙን እያየሁ።

ሐጂ እጃቸውን ቀበቶአቸው ላይ ጣል አደረጉ። "የኔ ሥራ ላይ ነው" አሉ።

ፈታሁና ሰጠኋቸው። በምስማር ስምንት ቦታ በሱት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የዚህን ታሪክ ቀሪ ክፍል ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ነው የኖርኩት፤ ይኼን በልባችሁ ያዙልኝ።

ሐጂ የመጨረሻውን ምስማር መቱ። ከመስኮቱ ሥር በቀይ ቀለም "አንገት ማውጣት ክልክል ነው" ብለው ጻፉ። ቆዳውን ሳብ አድርገው ከጉጡ ላይ አነሱና ለቀቁት። መስኮቱ ድም ብሎ ግድግዳው ውስጥ ሰመጠ። ነፋስ ገባ። እውነተኛ ነፋስ፣ የኢዶ ሆዳንን ሳሙና ሽታ ይዞ፣ ከፊት ገብቶ ትሪ በማታሳልፈው መስኮት በኩል ከኋላ ወጣ። ካራቫኑ ተነፈሰ። ሁለቱ ልጆቼ ተንደርድረው ገቡና መጀመሪያ ያደረጉት ነገር አንገታቸውን ማውጣት ነበር።

"ባቡር ነው! አባባ፣ ባቡር ነው!"

ሐጂ ፊሽካውን ከኪሳቸው አወጡ። አንድ ረጅም ነፉና በሩ ላይ ቆመው የአሮጌውን መስመር ጣቢያዎች ጠሩ። "ሆልሆል! አሊ ሳቢህ! ደወሌ፣ ፓስፖርት በእጅ! አይሻ! አዲጋላ፣ ፍየል ያለው ወደ ኋላ ፉርጎ!" ልጆቹ በየጣቢያው ይጮሃሉ፤ መስኮቱን ያወርዳሉ፣ ያወጣሉ። "ሽንሌ!" ሲሉ የሐጂ ድምፅ ትንሽ ዝቅ አለ፤ የቀረው ጣቢያ ድሬዳዋ ብቻ ነው። እሱን ሳይጠሩ ፊሽካውን መለሱት።

ፈቲያ መጣች። አጭሩ አልጋ ላይ ተቀመጠች። ቆዳውን ራሷ ሳበች፤ መስኮቱን ጣለች፤ ፊቷን ለነፋሱ ሰጠች። ሳቀች። ካገባኋት አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ ስትስቅ ግን ዛሬም እደነግጣለሁ።

"እሺ" አለች። "እቀራለሁ።"

ይኼን ቃል ለመስማት ነው ጋቦዴ ላይ በረዶ ያዘነብኩት። መዝለል ነበረብኝ፤ በሱሪዬ ምክንያት አልዘለልኩም። ሐጂ ከውጭ ሆነው የመላጊያውን ምላጭ በጨርቅ እየጠረጉ ነበር።

"አባ" አለቻቸው ፈቲያ በመስኮቱ፣ "አልጋዎቹስ?"

"የትኞቹ?"

"በክረምት ድሬ ግቢ ውስጥ የምታወጣልን አልጋዎች።"

"እ፣ እነሱማ ተሠርተዋል። ዘንድሮ የአራቱንም ጠፍር ቀይሬዋለሁ። ከዛፏ ሥር ናቸው።" ምላጩን ወደ ብርሃን አነሱና አዩት። "ስመለስ ዕቃ ቤት አስገባቸዋለሁ።"

"ብቻዎን ሊሆኑ ነው" አልኩ እኔ።

"አቦ፣ ዘጠኙን ወር ለምጄዋለሁ" አሉ። "ሦስት ሲጨመርበት ዓመት ይሞላል። ሙሉ ቁጥር ነው፣ ጥሩ ነው።"

እያማረሩ አልነበረም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቢያማርሩ እችለው ነበር። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ዘጠና ቀኔን እየቆጠርኩ ሳለቅስ የቀረው ዘጠኝ ወር በማን ቤት እንደሚያልፍ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም። ሰውዬው ዘጠኝ ወር ሙሉ አልጋ ሲጠፍሩ ከርመው፣ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያስቀርባቸውን መስኮት በገዛ እጃቸው፣ በዚያ ፀሐይ ሠርተው ሰጡኝ። ለዚያውም አሳምረው።

"ትኬቱ እኮ አይመለስም" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የራሴ ነበር።

ፈቲያ አንገቷን አወጣች። "ይመለሳል።"

"አይመለስም። ጠይቄያለሁ።"

"ማንን?"

"ሰውየውን።"

"የቱን ሰውዬ?"

"ያንን… የትኬቱን ሰውዬ። ይሄዳል በቃ። ሂዱ።"

ፈቲያ መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ረዥም ጊዜ። ከዚያ አባቷን አየች። ከዚያ እንደገና እኔን።

"ታዲያ" አለች፣ "ይኼን ሰው አክባሪ ካራቫን ለምንድን ነው የቀደድከው?"

"ለዋሻ" አልኳት።

ዓርብ ጠዋት ናጋድ ባቡር ጣቢያ ተሰለፍን። ሱቅ ሁሉ ዝግ ስለነበር ቀበቶ የለኝም፤ በአንድ እጄ ሻንጣ፣ በአንድ እጄ ሱሪ። ሐጂ ከመግባታቸው በፊት ወደ ዳር ሳቡኝ። ያንን ረጅም፣ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ቀበቶአቸውን ፈቱና እጄ ላይ ጠመጠሙት።

"ይኼ የመጨረሻው ፉርጎ መስኮት ጠፍር ነው" አሉኝ። "ባቡሩ የቆመ ዕለት ለማስታወሻ ያዝኩት። ያንተ ቀበቶ ሁለት ክረምት አይሰነብትም፤ እሱን አውልቀህ ይኼን አድርግለት።"

አሁን ነው፣ አልኩ በልቤ። "ሐጂ፣ ትናንት የተናገርኩትን…"

"የቱን?"

"ይቅር ይበሉኝ። ደግሞ ሲመልሷቸው ቶሎ አይሂዱ። አልጋው ለእርስዎ ልክ ነው።"

"አቦ፣ እርስዎ እርስዎ አትበለኝ አላልኩም?" አሉና ሱሪያቸውን ጨብጠው ደረጃውን ወጡ።

አዲሱ ባቡር ደስ ይላል፤ ቀዝቃዛ ነው፤ መስኮቱ ግን አይከፈትም። ሐጂ መቀመጫቸው ላይ ሆነው የመስታወቱን ዙሪያ ሲዳስሱ አየኋቸው፤ ጉጥ የለው፣ ቆዳ የለው። በመስታወቱ ውስጥ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ፈቲያ የሆነ ነገር ተናገረች፤ አልሰማኋትም። ራህማና ነጅማ በሁለት በሁለት እጃቸው ያውለበልባሉ። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ሐጂ በአንድ እጃቸው አውለበለቡልኝ፤ በሌላው ሱሪያቸውን ይዘዋል። እኔም ከወዲህ በአንድ እጄ አውለበለብኩ፤ በሌላው ሱሪዬን ይዣለሁ። የማውለበልበው እጄ ላይ ያንን የሚያህል ጠፍር ተጠምጥሞ እንደነበር፣ ወገቤን ላስርበት እንደምችልም ትዝ ያለኝ ባቡሩ ከዓይኔ ከጠፋ በኋላ ነው።